የፈታሿ ልጅ

በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ወንዱ ወንዶቹን ይፈትሻል፣ ሴቷ ሴቶቹን። ወንዱ ለጊዜው ዞር ቢል የሚተካው ሞልቷል፤ አትክልተኛው አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ባለሙያም አይጠፋም። ሴቷ ግን አንዲት ብቻ ናት። እሷ ከቦታዋ ከተነሣች ሴት ባለጉዳይ ሁሉ ውጭ ይቆማል፤ የሰው ሚስት ወንድ አይዳብሳትማ። ያቺ ሴት የሻረግ ናት።

የዳንግላ ሴት ስሟን ባታውቅ እጇን ታውቀዋለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ሰው አያሳፍርም። ነጠላ ሥር ገብቶ እስኪወጣ "ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ እቴ" ትላለች፤ ዘንጣ የመጣችውን ደግሞ "ይኼ ሁሉ ሽቶ ለእኛ ኃላፊ ነው?" ብላ ታስቃታለች። እኔ የዚያው ኃላፊ ጸሐፊ ነኝ፣ ውባለም እባላለሁ። የቢሮዬ መስኮት ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ደብዳቤ ከምትጽፍበት ጊዜ በሩን የምታይበት ይበልጣል እያለ የሚያማኝ ሰው አለ፤ አልዋሸም።

የሻረግ የተወለደችው ዘንገና አጠገብ ካለ መንደር፣ ገብስና ድንች ከሚያመርቱ ገበሬዎች ነው። ቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ከዚያው መንደር ሽባባው የሚባል ግንበኛ አገባች። እሱ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ይከርማል፤ ሲመጣም እንግዳ ነው፣ ሲሄድም እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። አምና አረገዘች። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ሆዷ ሳይገፋ ለግቢው ሁሉ አወራችው።

ሕጉ ያኔ ከመውለዷ በፊት አንድ ወር፣ ከወለደች በኋላ ሦስት ወር ከነደመወዙ ይሰጥ ነበር። ሕጉን አልረግምም። እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ ከዚያ ያነሰ ነበር፤ አንጀቴን አሥሬ ተመልሻለሁ። ግን ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ ደግሞ "እስከ ስድስት ወር ከጡትሽ በቀር ውኃ እንኳ ጠብ እንዳታደርጊለት" ብላ አስጠነቀቀቻት። ነርሷም መንግሥት ናት፣ ሕጉም መንግሥት ነው። በአንድ አፉ ስድስት፣ በሌላው አፉ ሦስት ሲል፣ መካከል ላይ የቀሩትን ወራት እናትየዋ ከየት እንደምታመጣቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ሥራ የተመለሰች ዕለት በእሷ ቦታ በኮንትራት የቆመችው ልጅ ተሰናበተች። የሻረግ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ በሩ ላይ ተተከለች። ልጅ ያዘለች ባለጉዳይ በመጣች ቁጥር መከራዋ ነበር። ማዘያውን መፈተሽ አለባት፤ ሕፃኑ ይነቃል፣ ያለቅሳል። ጡት ደግሞ የሚያለቅሰው የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ሸሚዟ ደረቷ ላይ ሲርስ በጠራራ ፀሐይ ኮቷን ቆልፋ ትውላለች። ወንዱ ፈታሽ ስንታየሁ ጨዋ ሰው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።

ልጁን ቤት የሚይዙት አማቷ እማማ እመቤት ናቸው። ድንቻቸውን ለጎረቤት ትተው ከመንደር የመጡ፣ አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ታናሽ ልጃቸው እንግዳው በኮሮናው ዘመን ሞቶባቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ማስረሻ ብለው ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው፤ ሐዘኔን ያስረሳኝ ብለው። ሕፃኑን ሲይዙት ያየ ሰው ከእጃቸው ለመቀበል ይፈራል።

የሻረግ መጀመሪያ ነርሷ እንዳስተማረቻት ጡቷን አልባ በኩባያ ልታስቀምጥ ሞከረች። እማማ እመቤት ኩባያውን አዩና፣

"ሰው ይታለባል እንዴ?" አሉ። "ልጄ ጥጃ ነው?"

እንደተከደነ አቆይተው ማታ መለሱላት። ሁለተኛ ቀንም እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጁን አዝለው በሩ ድረስ መጡ። የሻረግ ጥበቃ ክፍሏ ውስጥ ገብታ ታጠባለች፣ ስንታየሁ ውጭ ይቆማል፣ ሴት ባለጉዳይ ከመጣች "ትንሽ ቆዩ እናቴ፣ ልጅ እየጠባ ነው" ይላል። የሚቆጣ አልነበረም። ሴቱ ሁሉ ልጅ ያውቃላ።

ብዙም አልሰነበተ። ከጸጥታው ሁኔታ የተነሣ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው በር ላይ መቀመጥም ሆነ መቆም ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ መጣ። እማማ እመቤት ልጁን ይዘው ከመንገዱ ማዶ ካለች ሱቅ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከመንገዱ ወዲህ እናት ቆማለች፣ ከመንገዱ ወዲያ ልጅ ያለቅሳል፤ እኔ በመስኮቴ አያለሁ። የሻረግ የሰው ቦርሳ እየፈተሸች ዓይኗ ማዶ ነው። አንድ ቀን ሽሮ በያዘች ሴት ቦርሳ ውስጥ እጇን ከትታ ረሳችው፤ ሴትዮዋ "ምነው እቴ፣ ምን አገኘሽ?" ስትላት ነው የነቃችው።

እኔ ትዕግሥት የለኝም። ተነሥቼ የኃላፊውን በር አንኳኳሁ። አቶ ዓባይነህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግርን ከነገሩት ችግሩ ያልቃል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

"ይቺ ልጅ ረፋድ ላይና ከሰዓት እየወጣች ታጥባ፤" አልኋቸው።

"ታጥባ እንጂ! ማን ከለከላት? በሩን ግን ማን ይይዝላታል ወይዘሮ ውባለም?"

"እኔ።"

"እርስዎ? ሊፈትሹ?"

"እጅ የለኝም?"

ሳቁ፤ ግን እሺ አሉ። እንግዲህ የመጀመሪያዋ የፈተሽኋት ሴት የንስሐ አባቴ ባለቤት ሆና አረፈችው። ብብቷን ስነካት "ምነው ውባለም፣ አሁንስ ቄሱን ነው የጠረጠርሽ?" አለችኝ። ግቢው ለሳምንት ሳቀብኝ። የሻረግ ግን መንገዱን ተሻግራ ቆርቆሮው ሥር ልጇን አቅፋ ትቀመጥ ጀመር፤ ለእኔ በቂዬ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ያም አልሆነም። የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ልጁን ያገኘዋል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ማስረሻ መሳል ጀመረ፤ ትንሽ፣ ደረቅ ሳል። እማማ እመቤት በየሳሉ ፊታቸው ይለዋወጣል። ያኔ እንደማንኛውም አያት የጨነቃቸው መስሎኝ ነበር።

እንደገና ገባሁ።

"ክፍሉ እኮ አለ፤" አሉኝ አቶ ዓባይነህ።

መኖሩንማ አውቃለሁ። ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። በሩ ላይ "የሕፃናት ማቆያ" የሚል ጽሑፍ በላስቲክ ተለብጦ ተለጥፏል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲሠሩ የሚያዝ መመሪያ የመጣ ጊዜ የተለጠፈ ነው። ውስጡ ያረጀ ጎማ፣ እግር የሌለው ወንበር፣ የአለፈ በዓል ባነር ተከምሮበታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኛ ነው።

"ቁልፉ የት ነው?"

"ንብረት ክፍል።"

"ንብረት ክፍልስ ምን ይላል?"

"ዕቃውን የት ላድርገው ይላል።"

ወጥቼ ሄድሁ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ግን እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል፣ ይኸው የእኛው ልጅ እያለቀሰም አላገኘ ብዬ ተናገርሁ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ሰዓቱን አየ። ክፍሉን ያስከፈተው ግን የእኔ አፍ አልነበረም። የእናቶችን አያያዝ የሚያይ ቡድን ከዞን ይመጣል የሚል ስልክ ተደወለ። በማግሥቱ ጎማው ወጣ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ከእንጅባራ የቀርከሃ ወንበር መጣ፣ ጡት የምታጠባ እናት ሥዕልም ተለጠፈ። አቶ ዓባይነህ "ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ይጀምራል" አሉ። ቀኑ ዓርብ ነበር።

ለየሻረግ የነገርኋት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። "እትዬ፣ በቃ አጠገቤ ሊሆን ነው?" አለች። አዎ አልኋት። አማትሽም ከዝናብ ያርፋሉ አልኋት። ከሥራ እንደወጣች ቤቷ እየሮጠች ገባች።

ቤቷ ገብታ ያለችውን በኋላ ነው የሰማሁት። ለእማማ እመቤት የነገረቻቸው በአዊኛ ነው። ግን በሩ ላይ ለተጻፈው ነገር በአዊኛ የምታውቀው ቃል አልነበራትም፤ መቼ ኖሮ ስም ይወጣለታል? ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ከአማርኛው ወሰደችው። "ከሰኞ ጀምሮ ማስረሻ ማቆያ ይገባል፤" አለቻቸው። "መንግሥት አዟል።" እማማ እመቤት ልጁን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አቀፉት። ደስታ መሰላት።

ቅዳሜ ጠዋት የሻረግ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። አከራይዋ "ልጁን አዝለው ወደ መናኸሪያ ወጥተዋል፤ አገሬ ልግባ አሉ" አለቻት። ለአንድ ቀን ዘመድ ሊጠይቁ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። እሑድ ንጋት ላይ ልትከተላቸው መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሶቹ ቆመዋል። መንገድ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ ለአገሬ ሰው አልነግረውም፤ ዘንድሮ የመንገድ መዘጋት እንደ ዝናብ ነው፣ መቼ ያባራል ይባላል እንጂ ማን አመጣው ተብሎ አይጠየቅም። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩም ጠፋ።

ሰኞ ማቆያው ተከፈተ። አዲስ ቀለም ይሸታል። ውስጡ አንድም ልጅ የለም። በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ሌሎቹ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከጡጦ ጋር ካላመዱ ቆይተዋል፤ ወደኋላ አይመልሷቸውም። የሻረግ በሩ ላይ ቆማ ሴቶችን ትፈትሻለች። ረፋድ ላይ ጡቷ ሞልቶ መቆም ሲያቅታት እጇን ይዤ ወደዚያ ክፍል አስገባኋት። ቀርከሃው ወንበር ላይ ተቀምጣ በኩባያ አለበችው። ከዚያ ኩባያውን ይዛ አየችኝ።

"ምን ላድርገው እትዬ?"

እሷ ራሷ ተነሥታ ከጓሮ ሄደች። ሰው በማይረግጠው ቦታ ነው የሚፈስሰው ብላ ከጽድ ዛፉ ሥር አፈሰሰችው። እንዲህ እያለች በየቀኑ አፈሰሰች።

በዚያ ሰሞን ስለ አማቷ የምትናገረው ይዘገንናል። ልጄን ሰረቁኝ ትላለች። ልጃቸው ሞተባቸውና የእኔን ወሰዱ ትላለች። እኔም አላረጋጋኋትም፤ እኔም እንደሷ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ከሰል ሊጭኑ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር በእግሯ ወጣች። አዲስ ቅዳም ከተማ ሳትደርስ ሰው ሁሉ ወደኋላ ሲሸሽ አገኘችና አብራ ተመለሰች። ጫማዋ ተበጥሶ፣ እግሯ በጭቃ ተለውሶ፣ በነጋታው በሩ ላይ ቆመች። ጡቷ ተቆጣ፤ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ አተኮሳት። መድኃኒት ወሰደች። ትኩሳቱ ሲወርድ ወተቱም አብሮ ወረደ። ኩባያው ግማሽ ሆነ፣ ከዚያ የኩባያውን ታች መሸፈኛ ብቻ። አንድ ቀን ኮቷን ሳትቆልፍ መጣች፤ ሸሚዟ ደረቅ ነበር።

"ቆመ፤" አለችኝ።

መንገዱ ወር ሊሞላ ሲል ተከፈተ። ኃላፊውን ሳላስፈቅድ አብሬያት ሄድሁ፤ ይባርሩኝ ብዬ። እስከ እንጅባራ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ባጃጁ ጭቃው ሲያቅተው በእግር። ካፊያ ነበር። የሻረግ ከፊቴ ትሄዳለች፣ ትሮጣለች ማለት ይቀላል። የዘንገናን ሐይቅ አልፈን ዳገቱን ወጣን።

እማማ እመቤት ደጃቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩን ገብተው በሩን ከውስጥ ያዙት። የሻረግ በአዊኛ ጮኸች፤ ከምትለው "ልጄን" የሚለው ብቻ ነው የገባኝ። እሳቸው ግን መልሱን በአማርኛ ሰጡ። ለእኔ ነው፤ ከከተማ የመጣሁት የመንግሥት ሰው እኔ ነኝና።

"አልታመመም! ሳሉ ቆሟል! በሽታ የለበትም፣ አልሰጥም!"

"እማማ፣ ማን ታመመ አለ?" አልሁ።

"ማቆያ ነዋ የምትሉት! ያስላል ብላችሁ! አይቻለሁ፣ አውቃለሁ ማቆያ!"

የሻረግ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በኮሮናው ዘመን ከውጭ የመጣውንም ያሳለውንም ለይተው የሚያስቀምጡበትን ቦታ አገሩ ሁሉ "ለይቶ ማቆያ" ይለው ነበር። እማማ እመቤት ከአማርኛ ሁሉ ያን ቃል የሚያውቁት ከዚያ ብቻ ነው።

በሩን ከፈቱልን። ማስረሻ መደቡ ላይ ተኝቷል። ጎኑ ተቀምጠው እኔን እያዩ ተናገሩ።

"እንግዳው ከመተማ ከሰሊጥ አጨዳ መጣ። አተኩሶታል። ማቆያ ነው አሉኝ፤ ትንሽ ይቆይና ይወጣል አሉኝ። ስንቅ ይዤ ሄድሁ፣ በአጥር ወዲያ ማዶ አቁመው ተቀበሉኝ። ፊቱን አላሳዩኝም። ሲቀበርም በላስቲክ ነው፣ አልዳሰስሁት። ቆየ። ይኸው እስከ ዛሬ እየቆየ ነው።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ግን በዚያች ሴት ላይ መተረት አፈርሁ። መናደድ ፈለግሁ፤ የምናደድበት ሰው አጣሁ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ደህና ሐሳብ ነበረው። የሻረግ ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። አማቷም ልጁን ያዳኑ መስሏቸው ነው። የሚጠላ ሰው ሲጠፋ ሐዘን እንዴት እንደሚከብድ የዚያን ቀን አወቅሁ።

የሻረግ ልጇን አነሣችው። ከስቷል፤ የላም ወተት በውኃ እያቀጠኑ ነበር ያቆዩት፣ ሌላ ምን ይስጡት? ነቅቶ አያት፤ ሳቀላት። ጡቷን ሰጠችው። ጎተት አደረገና ለቀቀው፣ እንደገና ያዘ፣ ምንም ሲያጣ አለቀሰ። እማማ እመቤት እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው ሰበሰቡት። የሻረግ "የመንገድ ድካም ነው፤ ይመለሳል" አለች። ለማን እንደተናገረች አላወቅሁም።

ሁላችንም ወደ ዳንግላ ተመለስን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደጋግሞ ከጠባ ወተቱ ሊመለስ ይችላል፣ ተስፋ አትቁረጪ አለቻት። የሚጠባውም ሰው ካለ ነው። እንግዲህ የቀረን ነገር ያ ብቻ ሆነ፤ ማስረሻ ጡቷን እንዲይዝ ማድረግ። ረፋድ ላይ እኔ በሩን እይዛለሁ፣ ከሰዓት እኔ በሩን እይዛለሁ፤ እሷ ክፍሉ ውስጥ ትታገላለች። አጃ ጠጣች፣ ተልባ ጠጣች፣ ለማርያም ተሳለች። አንዳንድ ቀን ስመለስ ፊቷ ፈካ ይላል፤ "ዛሬ ትንሽ ያዘኝ" ትላለች። አንዳንድ ቀን ፊቷን አላይም።

እማማ እመቤት መጀመሪያ ወደ ክፍሉ የገቡ ዕለት ደፉ ላይ ቆመው ግድግዳውን፣ ፍራሹን፣ ሥዕሉን አዩ። ቁልፉን አዩ፤ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን በእጃቸው ሞከሩ።

"ይኼ ነው?" አሉኝ። "ልጅ የሚውልበት?"

"ይኼ ነው እማማ።"

"ይኼማ መዋያ ነው። መዋያ አትሉም?" ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። "መዋያ ብትሉኝ ኖሮ እኔ ራሴ አዝዬ አመጣው አልነበር።"

የዚያኑ ዕለት ሥራዬን ትቼ "የሕፃናት መዋያ" ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁና ለጠፍሁት። አቶ ዓባይነህ አይተው "መመሪያው ማቆያ ነው የሚለው፣ ጎብኚዎቹ ስህተት ያደርጉታል" ብለው አስነሡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝና አልተከራከርሁም።

መንገድ በመዘጋቱ የቀረው ቡድን በመጨረሻ መጣ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ወይዘሮ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የሰው ፊት የምታይ ሰው ነበረች። አቶ ዓባይነህ አዲሱን ክራቫታቸውን አድርገው ክፍሉን አሳዩ። የሻረግ ልጇን ይዛ ቀርከሃው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አዝዘዋት ነበር፤ ሌላ ጡት የሚጠባ ልጅ በመሥሪያ ቤቱ የለማ። እማማ እመቤት ፍራሹ ጥግ ተቀምጠዋል። እኔ ሴቶቹን አቆይልኝ ብዬ በሩን ለስንታየሁ ትቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

"ደስ ይላል፤" አለች ወይዘሮዋ። "እናቶች በሙሉ እንዲህ ቢያገኙ። ስንት ወሩ ነው?"

"ስድስተኛውን ይዟል፤" አለች የሻረግ።

"ጡት ብቻ ነው?"

ያን ጊዜ ማስረሻ የሰው ብዛት አስፈራውና አለቀሰ። ሁሉም የሻረግን አየ። ልብሷን ከፈተችና ጡቷን ሰጠችው። በጉንጩ ነካው። ፊቱን አዞረ። በሌላው በኩል ሰጠችው፤ ወደኋላ ተለጠጠ፣ በእጁ ገፋት። አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ፍራሹ ጥግ እያየ መጮህ ጀመረ።

እማማ እመቤት ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአዊኛ አንድ ነገር ይላሉ፣ አይሆንም የሚሉ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ልጃገረድ አፍረዋል።

የሻረግ ተነሣች። ልጇን ወስዳ እሳቸው ጭን ላይ አስቀመጠችው። "ይስጡት እማማ፤" አለች በአማርኛ። "አያፍሩ። ይስጡት።"

እማማ እመቤት ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ጡታቸው የተሸበሸበ፣ የተንጠለጠለ፣ ከእንግዳው ወዲህ ማንም ያልጠባው ነው። ማስረሻ ያዘውና ዝም አለ። ዓይኑ ተከደነ። እነዚያ ሁሉ መንገድ በተዘጋባቸው ሌሊቶች በምን እንዳባበሉት ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የገባን። አቶ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከወንዶቹ አንዱ ወደ ሥዕሉ ዞረ።

ወይዘሮዋ ወደ የሻረግ ጠጋ ብላ በዝቅታ ጠየቀቻት። "ወተት አላቸው?"

"የላቸውም፤" አለች የሻረግ፣ ልብሷን እየቆለፈች። "የኔም ደርቋል። እሱ የለመደው ግን የሳቸውን ነው።"